በመስኮቱ በኩል ያሉት ስልሳ ጠርሙሶች

አባቴ ቤት፣ የሳሎኑ መስኮት ሥር፣ አንድ ያልተከፈተ ጠርሙስ ቆሟል። አንዳንድ እሑድ ስገባ ጽሑፉ ወደ እኔ ያያል፤ አንዳንድ እሑድ ወደ መስታወቱ ዞሮ አገኘዋለሁ። አባቴን ለመርዳት በሳምንት ሦስት ቀን የምትመጣው ሠራተኛ መጀመሪያ ሰሞን ታስተካክለው ነበር። አንድ ቀን አባቴ እንዳትነካው በትሕትና ለመናት፤ ከዚያ ወዲህ አቧራውን እንኳ በሩቁ ነው የምታራግፈው። ሽማግሌው ጠርሙሱ ውስጥ የደበቁት ነገር ይኖር እንደሆነ ደረጃው ላይ አስቁማ ጠይቃኛለች። የደበቀው ነገር የለም። ለምን እንደሚያዞረው የምናውቀው እኔና እሱ ብቻ ነን፤ ነገሩም የሚጀምረው እኔ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ ነው።

ያኔ የምንኖረው እዚሁ ቶሮንቶ፣ ፍሌሚንግደን ፓርክ በሚባለው ሰፈር፣ አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ ነበር። በእኔ ዕድሜ ያሉ የሰፈሩ ልጆች ሊፍቱን አይረሱትም፤ በየፎቁ በሩ በተከፈተ ቁጥር የሌላ አገር ወጥ ሽታ ይዞ ይዘጋ ነበር። በጋ ላይ ፓርኪንጉ የእኛ ነው። አስፋልቱ ላይ በጠመኔ ሰኞ ማክሰኞ አስምረን እስኪጨልም እንዘላለን። ጠመኔው የሚመጣው ከአባቴ ኪስ ነው። ደሴ አካባቢ አስተማሪ የነበረ ሰው ነው። በሱዳን አድርጎ ቶሮንቶ ከገባ በኋላ አንድም ቀን ክፍል ገብቶ አላስተማረም፤ ጠመኔ ግን ከኪሱ ጠፍቶ አያውቅም። ዌስተን አጠገብ የመኪና ዕቃ የሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ ለዓመታት በአንድ ቦታ ቆሞ ሠራ። ፋብሪካው ሲዘጋ፣ ሠራተኛ በቫን ወደ ገጠር የሚያመላልሰው ጎረቤታችን ጋሽ ከማል ወደ አንድ የወይን እርሻ ይዞት ሄደ።

እርሻው ከቶሮንቶ በስተምሥራቅ፣ በፎር ኦ ዋን አውራ ጎዳና ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ተነድቶ፣ ሐይቅ ዳር ነው። ወይዘሮ ኢንግሪድ የሚባሉ ባል የሞተባቸው ሴት ከልጃቸው ከፒተር ጋር ያስተዳድሩት ነበር። አገሩ ለወይን ብርድ ይበዛበታል። ኅዳር ላይ ሐረጉን ከሽቦው አውርደው መሬት ላይ ያስተኙትና አፈር ያለብሱታል፤ ሚያዝያ ላይ ቆፍረው ያወጡታል። ሳይቀበር የከረመ ሐረግ በውርጭ ይሞታል። ፍሬው ጣፍጦ ሳይጨርስ፣ ኮምጠጥ እንዳለ ይለቀማል፤ አረፋ ላለው ወይን የሚፈለገውም ያ ኮምጣጣው ነው። የፍሌሚንግደን ሐበሻ በአጭሩ «ሻምፓኝ ቤት» ይለው ነበር። አባቴን ሲያገኙት ሻምፓኙስ ብለው ይቀልዱበታል፤ እሱ ደግሞ ጨርሶ አይጠጣም።

ይህ ወይን ጠርሙሱ ውስጥ ሆኖ ሁለተኛ ጊዜ ይፈላል። አረፋው የሚመጣው ከዚያ ነው። ሲፈላ ግን የጠጅ አምቡላ የመሰለ ዝቃጭ ይተዋል። ያን ለማውጣት ጠርሙሶቹን አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ቀዳዳ ባለው ሳንቃ ላይ ይሰኳቸዋል፤ ሁለት ሳንቃዎች እንደ ድንኳን ራስ ለራስ ይደጋገፋሉ፣ በአንዱ ገጽ ስልሳ ጠርሙስ። ከዚያ አንድ ሰው በየቀኑ እየመጣ እያንዳንዱን ጠርሙስ የዙሩን አንድ ስምንተኛ ያህል ያዞረዋል፣ ቂጡንም በጥቂቱ ከፍ ያደርገዋል። ስምንት ሳምንት እንዲህ ሲደረግ አምቡላው እየተንሸራተተ ቆርኪው ላይ ይከማቻል። ቆርኪው ሲነሳ ተስፈንጥሮ ይወጣል፣ የጠራው ይቀራል። ሥራው እንዳይምታታ በእያንዳንዱ ጠርሙስ ቂጥ ላይ ከመሀል ወደ ዳር አንድ የጠመኔ መስመር ይሰመራል። ስልሳውም መስመር ወደ አንድ አቅጣጫ ካየ ደህና ነው። አንዱ ወደ ሌላ ካየ ወይ ተዘሏል ወይ ሰው ነክቶታል።

ለአባቴ ይህን ሥራ የሰጡት ወይዘሮ ኢንግሪድ ናቸው። ሐረግ ሲያስር እጁን አይተው ነው ይባላል። እሱም ሥራውን እንደ ክፍል ያዘው። ምድር ቤቱ በር አጠገብ ትንሽ ጥቁር ሰሌዳ ሰቀለና በየጠዋቱ አንድ ፊደል ይጽፍበት ጀመር። መስመሩ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ሲያይ ሀ ነው፤ በማግስቱ አንድ እርምጃ ሲዞር ሁ፤ ከዚያ ሂ፣ እያለ እስከ ሆ ሰባት ቀን ይሄዳል። ስምንተኛው ቀን ፊደል የለውም፤ ሰሌዳው ተጠርጎ ባዶውን ይውላል፤ በዘጠነኛው እንደገና ሀ ይመጣል። ፒተር ሰሌዳውን አይወደውም ነበር። ይህ ሰው አንድ ቀን ቢታመም ማን ሊያነበው ነው ብሎ እናቱን ሲጠይቅ ሰምቻለሁ። እሳቸውም በእጃቸው ወደ እኔ አመለከቱ። እንደ ቀልድ ነበር ያደረጉት። ግን እውነታቸውን ነው፤ በዚያ እርሻ ላይ ከአባቴ ሌላ ሰሌዳውን የማነበው እኔ ብቻ ነበርኩ። ፊደልም የቆጠርኩት ከዚያ ሰሌዳ ላይ ነው።

ፒተር ማሽን ይፈልግ ነበር። ጠርሙሶቹን በብረት ሳጥን ይዞ በአንድ ጊዜ የሚያዞር ማሽን መጥቷል፤ ስምንት ሳምንት የሚፈጀውን በስምንት ቀን ይጨርሳል። እናቱ በእጅ ይዙር የሚለው የባላቸው ደንብ እንዳይቀር ፈለጉ። በመጨረሻ ተስማሙ። በነሐሴ መጨረሻ አንድ ቅዳሜ ከቶሮንቶ ምግብ ቤት ያላቸው ሰዎች ይመጣሉ፤ እነሱ ፊት ከአባቴ ጠርሙሶች ይከፈታል። ጥርት ብሎ ከወጣ አባቴ ክረምት ከበጋ የምድር ቤቱ ሠራተኛ ሆኖ ይቀጠራል። ደፍርሶ ከወጣ ማሽኑ ይታዘዛል፣ አባቴም ከወይን ለቀማው በኋላ ይሰናበታል። ይህን እናቴ ለጎረቤት በስልክ ስትናገር ሰምቼ ነው የማውቀው። አባቴ ለእኔ አንድ ቃል አልነገረኝም።

እኔ በዚያ በጋ እርሻው ላይ የተገኘሁት ትምህርት ቤት ስለተዘጋና እናቴ ሆስፒታል ጽዳት ስለምትሠራ፣ የምትጠብቀኝ ሴትም ሌላ ከተማ ስለሄደች ነው። አባቴና ጋሽ ከማል የሥራ ቀኑን በሚያድሩበት የሠራተኞች ቤት አንድ አልጋ ተሰጠኝ። ቀን ቀን ደስ የሚል ቦታ ነበር። ምድር ቤቱ በድንጋይ የተሠራ ነው፤ ውጭ ሙቀቱ ሲያቃጥል እዚያ ሹራብ ያስለብሳል። እርጥብ ድንጋይና ገና ያልተጋገረ ሊጥ ይሸታል። የወዳደቀ ቆርኪ ለቅሜ በቀለም እየለየሁ እደረድር ነበር። አባቴ በሁለት እጁ ሁለት ጠርሙስ ይዞ ጠቅ፣ ጠቅ እያደረገ ሲሄድ፣ ዓይኔን ጨፍኜ የት እንደደረሰ በድምፁ አውቅ ነበር።

ጋሽ ከማል ቀን ቀን ጎረቤት ባለው የፖም እርሻ ላይ ይሠራ ነበር። ሙስሊም ስለሆነ ምድር ቤቱ ውስጥ አይገባም፤ ለምሳ አባቴን ሊጠራ እስከ በሩ መጥቶ ይቆማል። ረቡዕ ጠዋት ከበሩ ሆኖ ወደ ውስጥ ተመለከተና መቀለድ ጀመረ። በእኛ አገር ለእንግዳ ብርጭቆ ሁለቴ ይታጠባል፤ እናንተ ቤት ግን ጠርሙሱ አቧራ፣ ቂጡ በጠመኔ ተሞነጫጭሮ ሊቀርብ ነው አለ። ወደ እኔ ዞሮም ጨመረበት።

«ሶሲ፣ አባትሽ ቅዳሜ ሊያዋርደን ነው። ሴት ልጅ እያለችው።»

አባቴ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ቤታችን እንግዳ ሊመጣ ሲል የመጀመሪያው ሥራ የእኔ ነበር፤ ብርጭቆዎቹን ታችና ላያቸውን አጥቤ፣ በደረቅ ጨርቅ አብሼ፣ በብርሃን እያየሁ እደረድራለሁ። እናቴ አንድ ነጠብጣብ ካየች ትመልሰዋለች። አባቴ ሐረግ ሊያስር ሲወጣ ባልዲ ውስጥ ለብ ያለ ውሃና ሳሙና አደረግሁ። ከመስኮቱ በኩል ካለው ገጽ ጀመርኩ፤ ብርሃን የሚያገኘው እሱ ስለሆነ አቧራው ጎልቶ ይታያል። ጠርሙሱን አንድ በአንድ እያወጣሁ፣ አቁሜ አሸሁት፤ አንገቱን፣ ሆዱን፣ በመጨረሻ ቂጡን። ውሃውን አራግፌ ወደ ቀዳዳው መለስኩት። አንዱን ወደ መስኮቱ ባነሳው ውስጡ ጭስ የመሰለ ነገር ሲነሳ አየሁ። ቆሻሻው እየለቀቀ መሰለኝ፤ ጠንከር አድርጌ አሸሁት። ስልሳውን ስጨርስ እጄ ተጨማዷል። ገጹ ሁሉ አረንጓዴ ሆኖ ያበራ ነበር።

ምሳ ላይ ከሠራተኞቹ ቤት ደረጃ ላይ ተቀምጠን ነበር። ጋሽ ከማል የጠርሙሱን ቀልድ አነሳ፤ ይህን ያህል ጊዜ ስታዞር የምትውለው አንድ ቀን ቢቀር ምን ይመጣል አለው። አባቴ ዳቦውን እየቆረሰ፣ አንድ ቀን ቢቀር ምንም አይመጣም ብሎ መለሰ። የሚፈራው ሌላ ነው። አሁን አንድ ሰው ጠርሙሱን አውጥቶ ቢያናውጠው፣ አምቡላው እንደ ወተት ይነሳል፣ ስምንቱ ሳምንት ከንቱ ይሆናል፣ ከሀ ይጀመራል። በዚህ ሳምንት ወይዘሮ ኢንግሪድ እንኳ እንዲነኩበት እንደማይፈልግ ተናገረ። ከዚያ እኔን አይቶ ለምን እንደማልበላ ጠየቀኝ። ዳቦዬን ደረጃው ላይ አስቀመጥኩት።

ያን ጊዜ መናገር ይቻል ነበር። ሦስት ቀን ቀርቷል። እኔ ግን ሌላ ነገር አሰብኩ። የአባቴ ጃኬት ምድር ቤቱ በር ላይ ተሰቅሏል፣ ኪሱ ውስጥ ጠመኔ አለ። ሰሌዳው ላይ ያን ቀን የተጻፈው ሄ ነው፤ ሄ ማለት መስመሩ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ያየበት ቀን ነው። ቀላል ነበር። ስልሳውም ቂጥ ላይ ከመሀል ወደ ላይ አሰመርኩ። ከዚያኛው ገጽ ጋር እያነጻጸርኩ ውፍረቱን አስተካከልኩ። ጠመኔው ያልያዘበትን እርጥብ ቦታ በቀሚሴ አደረቅሁ። ስጨርስ ማንም አይለየውም ነበር። ስወጣ ጋሽ ከማል ቀሚሴን አየና ትምህርት ቤት ተከፈተ እንዴ አለኝ። ሰኞ ማክሰኞ እየተጫወትኩ ነው አልኩት። በዚያ ቀን ሁለተኛው ውሸቴ ነው።

ሐሙስ ጠዋት አባቴ ሊያዞር ሲገባ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ጠቅ፣ ጠቅ እያለ የግድግዳውን በኩል ጨርሶ ወደ መስኮቱ በኩል ዞረ። ከዚያ ድምፁ ቆመ። አንገቴን አስግጌ አየሁት። አንዱን መስመር በአውራ ጣቱ ነካ፣ ጣቱን አየ፣ ሰሌዳውን አየ። ጠርሙሱ ለምን እንዳበራ የገረመው ይመስለኛል። ማንም ሰው ጠርሙሱን ከቀዳዳው ሳያወጣ በጨርቅ ሊጠርገው ይችላል፤ ምልክቱ ግን በቦታው አለ። ሰሌዳው የትናንቱ ሄ ነው ይላል፣ ስልሳውም ጠርሙስ ሄ ነው ይላል። ድምፁ ቀጠለ። ኋላ በጋዜጠኝነት ስሠራ፣ ሁለት ምንጭ ተስማማልኝ የሚል ወጣት ዘጋቢ ሲመጣ፣ አንዱ ከሌላው ገልብጦ እንዳይሆን አጣራ እላለሁ። ከየት እንዳመጣሁት አልናገርም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ለእኔ መጠበቅ ነበር። ዓርብ ፒተር ጠረጴዛ ይዞ መጥቶ የት እንደሚያስቀምጠው ለካ። ብርሃኑ ጥሩ ስለሆነ በመስኮቱ በኩል ካሉት እንደሚያወጣ ለእናቱ ነገራቸው፤ ጠርሙሶቹም እዚያ በኩል ንጹሕ ናቸው፣ ለእንግዳ ያምራሉ አላቸው። እኔ ከቆርኪዎቼ ጋር መሬት ላይ ነበርኩ። ጥቁሮቹን ከወርቃማዎቹ ጋር ቀላቅዬ እንደገና መለየት ጀመርኩ። ራት ላይ ለአባቴ ልነግረው ሁለት ጊዜ አፌን ከፈትኩ። አንዴ ጋሽ ከማል ሸሚዙን ቶሎ ተኩሶ እንዲሰቅል ይነዘንዘው ጀመር። ሌላ ጊዜ አባቴ ራሱ፣ ከመጣን ወዲህ አንድም ቀን ያላየሁትን ፈገግታ ፈገግ ብሎ፣ ክረምቱን እዚህ ከቆየ ለእኔና ለእናቴ ከመንገዱ ማዶ ስላለው ባዶ ቤት እንደጠየቀ ነገረን። አፌን ዘጋሁት።

ቅዳሜ ከረፋዱ ላይ የመጀመሪያው መኪና ጠጠሩን እያንኮሻኮሸ ገባ። አባቴ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ ከምድር ቤቱ በር ላይ የእጅጌውን ቁልፍ እየቆለፈ ነበር። ሰሌዳው ባዶ ነው፤ ስምንተኛው ቀን ነበር። አጠገቡ ሄጄ ቆምኩ።

«አባዬ፣ በመስኮቱ በኩል ያሉትን እኔ ነኝ ያጠብኳቸው።»

ቁልፉን አልተወውም። «በጨርቅ ነው?»

«አውጥቼ።»

«ምልክቱስ?»

«እኔ ነኝ። ከሰሌዳው አይቼ።»

አባቴ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ሁለተኛው መኪና ገባ። እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጫማውን ያይ ነበር፤ ጫማውን ያን ጠዋት ጋሽ ከማል ነው የቦረሸለት። ይመታኛል ብዬ አልፈራሁም፤ መትቶኝ አያውቅም። ያሰብኩበትን ነገርኩት፤ ከግድግዳው በኩል አውጡ በላቸው፣ እነዚያ ጠርተዋል፣ ማንም አያውቅም አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም። የማያውቀውን ተማሪ እንደሚያይ ነው ያየኝ፤ ከዚያ ቀን በፊትም በኋላም እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም። ተነስቶ ባልዲው ላይ የተንጠለጠለውን ጨርቅ አርሶ ጨምቆ ሰጠኝ።

«መጀመሪያ የጻፍሽውን አጥፊ» አለኝ።

ስለዚህ እንግዶቹ ሲገቡ እኔ እያጠፋሁ ነበር። አራት ሰዎች ናቸው፤ ከፊታቸው ወይዘሮ ኢንግሪድ፣ ከኋላቸው ፒተር። ከላይኛው ረድፍ ጀምሬ፣ ባልዲ ገልብጬ ላዩ ላይ ቆሜ፣ አንድ በአንድ። ፒተር ልጅቷ ምን እያደረገች ነው አለ። አባቴ በእንግሊዝኛው ቀስ ብሎ መለሰለት፤ ቋንቋው የተሰባበረ ነበር፣ ቃላቱ ግን ጥቂት ስለሆኑ አልረሳኋቸውም።

«የግድግዳውን ወገን አውቀዋለሁ። ይሄኛውን አላውቀውም።»

ከዚያ የሆነውን ሁሉ ተናገረ። ልጄ አጠበችው፣ ተናውጧል፣ ምልክቱ ትክክለኛ አልነበረም፣ እኔም ከሐሙስ ጀምሮ ሳላውቅ አዞርኩት አለ። ማንም ሳያዘኝ ልጄ ወደ ሥራ ቦታ እንድትገባ የፈቀድኩ እኔ ነኝ አለ። ፒተር ቀላ። በዚያ ሰዓት የተናገረው ነገር እስከ ዛሬ ትክክል ይመስለኛል።

«ለዚህ ነው ማሽን ያልኩት። ማሽን ልጅ የለውም።»

እኔ ማጥፋቴን አላቆምኩም፤ አርባ ገደማ ደርሻለሁ። ወይዘሮ ኢንግሪድ ከኪሳቸው ባትሪ አውጥተው በአጠገቤ ባለው ጠርሙስ ላይ አበሩ። አረንጓዴው ውስጥ ነጭ ደመና ተንሳፎ ነበር። ስንቱን እንዳጠብኩ ጠየቁኝ። ስልሳ አልኳቸው። ሁሉንም እንደሆነ ጠየቁኝ። ቆጥሬያለሁ አልኳቸው። ባትሪውን አጠፉ።

ከእንግዶቹ አንዷ፣ ጸጉራቸውን በአጭሩ የተቆረጡ ሴት፣ ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ እንዲከፈት ጠየቁ። ፒተር አልፈለገም። እናቱ ራሳቸውን ነቀነቁለት። ከግድግዳው በኩል ያለውን አባቴ ራሱ መርጦ፣ አንገቱን ወደ ታች እንደያዘ፣ በሩ ድረስ ወሰደው። ፒተር ቆርኪውን አነሳ። አምቡላው ጠጠሩ ላይ ተረጨ፣ አረፋው ተከተለ፣ ፒተር በአውራ ጣቱ ዘጋው። ሲቀዳ የአባቴን እጅ አየሁ፤ ሸሚዙን ከጎኑ ጨምድዶ ይዞታል። ብርጭቆው ወደ መስኮቱ ተነሳ። ከበስተጀርባው ያለው ሐረግ አንድ በአንድ ይቆጠር ነበር። ከዚያ ከእኔ ወገን አንድ ተከፈተ። አረፋው እኩል ነው፣ ሽታውም እኩል ነው። ብርጭቆው ውስጥ ግን የሩዝ እጣቢ የመሰለ ነገር ቆመ። ሴትዮዋ ሁለቱንም ጎን ለጎን ይዘው ቆዩ። ሁለቱንም ቀመሱ። ማስታወሻቸው ላይ ጻፉ። ምን እንደጻፉ በዚያ ቀን ማንም አልነገረንም።

ከሰዓት በኋላ በጋሽ ከማል ቫን ወደ ቶሮንቶ ተመለስን። አባቴ ከፊት ተቀምጦ መንገዱን ያያል። ግማሽ መንገድ ላይ ጋሽ ከማል ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ጥፋቱ ይከፈል ከተባለ የአቧራውን ወሬ ያመጣሁት እኔ ስለሆንኩ ሠላሳው የእኔ ነው አለ። የአባቴ ትከሻ ሲንቀጠቀጥ አየሁና የሚያለቅስ መሰለኝ። እየሳቀ ነበር። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። ቤት ስንደርስ ለእናቴ እኔ እንድነግራት አደረገኝ።

ሁለት ሳምንት ምንም አልሰማንም። አባቴ እየሄደ የተቀሩትን ያዞራል፤ ማንም አያነጋግረውም ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ወይዘሮ ኢንግሪድ ቤታችን ስልክ ደወሉ። ስልሳዎቹ ከሀ ይጀመሩ አሉ፤ የሚጠሩ ከሆነ ያን ጊዜ እንነጋገራለን። ልጅቷ የመጀመሪያውን ምልክት ታስምር አሉ፣ አባቷ አጠገቧ ቆሞ። አሰመርኩ። መስመሮቹ ከቀድሞዎቹ ይልቅ የከፉ ነበሩ። ስምንት ሳምንት ተቆጠረ፤ ሐረጉ በሚቀበርበት ሰሞን ተከፈቱ። ከተከፈቱት አንድም የደፈረሰ አልነበረም። አባቴ ያን ክረምት ምድር ቤቱ ውስጥ ከረመ። ሁለቱን ብርጭቆ የቀመሱት እንግዳ ወይኑን ለምግብ ቤታቸው እንዳዘዙ የሰማነው ኋላ ነው፤ ምክንያታቸውን ጠይቄ አላውቅም፣ አሁን በሕይወት የሉም። ማሽኑም ከአራት ዓመት በኋላ መጣ። ፒተር አባቴን አላባረረውም፤ ሐረጉን ወደሚቀብሩት ሰዎች አዛወረው፣ ጡረታ እስኪወጣም እዚያው ቆየ። ከመንገዱ ማዶ ባለው ቤት ግን አንድ ቀን እንኳ አልኖርንበትም።

ባለፈው መከር እርሻውን ልጎበኝ ሄድኩ። ወይዘሮ ኢንግሪድ አርፈዋል፤ ፒተር ሸብቷል። ምድር ቤቱ ያው ሊጥና እርጥብ ድንጋይ ይሸታል፤ ጠቅታው ግን የለም። የብረቱ ሳጥን አምስት መቶ ጠርሙስ ይዞ በራሱ ዘንበል ብሎ ይቆማል። ቂጣቸው ላይ ምንም የለም። ፒተር ስወጣ አንድ ጠርሙስ ሰጠኝ፤ ለአስተማሪው ስጪልኝ አለኝ። አባቴ አሁን ሰባ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ብቻውን ነው የሚኖረው። ጠርሙሱን ተቀብሎ ወደ መስኮቱ ይዞት ሄደ፣ በብርሃን አየው፣ እዚያው አቆመው።

በየጠዋቱ አንድ ስምንተኛ ያዞረዋል። አልነገረኝም፣ አልጠየቅሁትም። ውስጡ የሚወርድ ነገር የለም፤ ከጠራ ቆይቷል። በሳምንት ሰባት ጊዜ ሲዞር ሙሉ ዙር ለመድረስ አንድ እርምጃ ይጎድለዋል፤ ስለዚህ እሑድ ስገባ ጽሑፉን ካለፈው ሳምንት በአንድ እርምጃ ጎድሎ አገኘዋለሁ። ገና ጃኬቴን ሳላወልቅ ነው የማነበው። እንደ ልጅነቴ ሰሌዳ ነው፤ ያኔ ለማታለል ነበር ያነበብኩት፣ አሁን አባቴ በየቀኑ ከአልጋው መነሳቱን ለማወቅ ነው።

ባለፈው እሑድ ሦስት እርምጃ ጎድሎ አገኘሁት። በሳምንቱ ውስጥ በየቀኑ በስልክ አውርተናል፤ በየቀኑ ደህና ነኝ ብሎኛል። ጠየቅሁት። ማክሰኞና ረቡዕ ደረቱን አሞት መነሳት አቅቶት እንደነበር ነገረኝ። ሰኞ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት፤ ውጤቱን እየጠበቅን ነው። ሐሙስ ጠዋት ሲነሳ ጠርሙሱን ሦስት ጊዜ ቢያዞረው ኖሮ እኔ ምንም አላውቅም ነበር። እሱም ይህን ያውቃል። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያዞረው።